በሐመሩ ሐ ጻፉልኝ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምስጋና ወረቀት ላይ ስሜ በቀይ እርሳስ ታርሟል። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ እዚያው ላይ ያርፋል። "ምነው እትዬ፣ ሌላ አያሠሩም ነበር?" ይለኛል። አላሠራም! በወርቅ ቀለም ቢጽፉልኝም አልለውጠውም። ምክንያቱን ለመናገር ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ የቸኮለ ካለ ከአሁኑ መሄድ ይችላል።

ሐኪም አልነበርኩም፣ ነርስም አልነበርኩም። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ታሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በመስኮት በኩል የእኔን ፊት ነው። ስሙን እጠይቃለሁ፣ ካርዱን ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ ወደ ሐኪሙ እልካለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ፣ "ይሄማ ምን ሥራ ነው" እያልኩ ነው የገባሁት።

የተመደብኩት በቡሬና በማንኩሳ መካከል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙን ልተወው። አለቃዬ የኔታ ጥበቡ ይባሉ ነበር። እስከ ጎልማሳነታቸው ድረስ ቅኔ ቤት የኖሩ፣ ኋላ ትዳር ሲይዙ ለጽሕፈት ሥራ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ በኋላም አንድም ሰው "አቶ" ብሏቸው አያውቅም። የኔታ ነበሩ፣ የኔታ ሆነው ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የኔታ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ይዞሩታል። "እንዴት አደራችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ" እያሉ የሰዉን ከንፈር፣ እጅ፣ እግር ያያሉ። "ያችን ነፍሰ ጡር ወደ ፊት አምጪልኝ፣ ያንን ሰውዬ በርጩማ ስጪው" ይሉኛል። እኔ ይሄ ሁሉ ዙረት ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ለካ የእኛ አገር ሰው እየሞተም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ነው የሚለው። ሕመሙን እንኳ ይግደረደርበታል። አፉን ብቻ የሰማ ካርድ ክፍል ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ስም ላይ ነበር፤ እዚህ ላይ ያበግኑኝ ነበር። ገበሬው በመስኮት ስሙን ሲናገር እሳቸው ጽፈው አይለቁትም። "አባትህ ሲያወጡልህ ምን አስበው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰውዬው ያወራቸዋል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ እኔ እግሬን አወዛውዛለሁ። ከዚያ በኋላ ነው በየትኛው ፊደል እንደሚጽፉት የሚወስኑት። ሀ፣ ሐ እና ኀን ለሦስት መሳቢያ ለይተዋቸው ነበር። ሃሌታው ሀ አንድ መሳቢያ፣ ሐመሩ ሐ አንድ መሳቢያ፣ ብዙኃኑ ኀ አንድ መሳቢያ። ሠም ሰም፣ ዐም አም፣ ፀም ጸም እንደዚያው። የሰዎች ስም በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ በየፊደሉ መሳቢያ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ላይ የካርዱ ቁጥር አለ።

"የኔታ፣ ድምፁ አንድ አይደለም እንዴ? ቁጥራቸውን ይዘው ይምጡ፣ አለቀ" እላቸው ነበር።

"ድምፁማ ድሮ ይለያይ ነበር ይባላል" ይሉኛል ሳይቆጡ። "የእኛ ጉሮሮ ነው የረሳው። ቁጥሩን ደግሞ ዝናብ ይበላዋል። ስሙን ግን ዝናብ አይበላውም።"

ሦስተኛው ልማዳቸው ቀይ እርሳስ ነው። ቀይ እርሳስ ሰው ለሚገድል ነገር ብቻ ነው የሚነሣው። ሐኪሙ "ይህ መድኃኒት አይስማማውም" ካለ፣ የኔታ ያንን በካርዱ ፊት ላይ በቀይ ይጽፉታል። ለሌላ ነገር ቀዩን ብነካ እጄን ነበር የሚመቱኝ።

አንድ የገበያ ቀን የኔታ ለዘመድ ተዝካር ሰከላ ሄዱና መስኮቱን ለእኔ ተዉልኝ። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ ነበር። ኃይሌ የሚባል ረጅም ገበሬ ጉሮሮው አብጦ መጣ።

"ካርድ አለኝ፣ የኔ እመቤት። የኔታ ጽፈውልኛል።"

"ቁጥሩስ?"

"ዝናብ በላው።"

የሃሌታውን ሀ መሳቢያ ሳብኩ። የለም። ሌሎቹን ሁለት መሳቢያዎች መክፈት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ስንፍና ይዞኝ ሳይሆን ንቄው ነው ያልከፈትኳቸው። "ጠፍቷል፤ አዲስ አወጣልዎታለሁ" አልኩት። "እንዳልሽ፣ አላስቸግርሽ" አለኝ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር አዲሱን ባዶ ካርድ አይቶ "መርፌ አስቸግሮዎት ያውቃል?" ብሎ ጠየቀው። ኃይሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ምንም አይል፤ እናንተ ታውቃላችሁ።"

ተወግቶ ግቢው መሀል ሳይደርስ ወደቀ። ልናነሣው ስንሮጥ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ያለውን ሁሉ አደረጉለት፤ አልተረፈም።

የኔታ በማግስቱ መጥተው የብዙኃኑን ኀ መሳቢያ ከፈቱ። ኃይሌ እዚያ ነበር። ካርዱ ወጣ፤ ፊቱ ላይ በቀይ "ፔኒሲሊን ያሳብጠዋል፤ እንዳይወጋ" ይላል። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ሐፍረት አላውቅም።

የኔታ አልጮሁብኝም። ነጠላዬን እንዳዘቀዝቅ ነገሩኝና ለቅሶ ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ ሁለት ሰዓት በእግር። ለሟች ሚስት "ጥፋቱ ከእኛ ቤት ነው፤ ካርዱን ያጣነው እኛ ነን" አሏት። ከእሷ አላሉም፤ ከእኛ ነው ያሉት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። "መርፌ እንደማይስማማው እሱም ያውቅ ነበርኮ" አለች። "ሰው ማስቸገር አይወድም። ለዚህ ነው ዝም ያለው።" እኔ መሬቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ስንመለስ "ሥራውን እለቃለሁ" አልኳቸው። የኔታ ቀዩን እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። "አትለቂም። አሁን ገና ነው ለካርድ ክፍል የምትሆኚው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ እርሳስ እያለቀ ስተካው፣ እያለቀ ስተካው፣ ከፀጉሬ ላይ ተለይቶ አያውቅም።

የኔታ ጡረታ ወጡ። እኔም ወረዳ ለወረዳ ስዞር ከርሜ በመጨረሻ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ባለ አንድ ሆስፒታል ገባሁ፤ ቤቴን ግን ፍኖተ ሰላም ሠራሁ። ደመወዙን አታንሱብኝ፣ ከአለቆቼም ግማሾቹን አታንሱብኝ። ጠዋት ጠዋት እርሳሴን ሰክቼ ሰልፉን ስዞር ወጣቶቹ "ኢንስፔክተሯ መጣች" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔ ከንፈርና እጅ አያለሁ።

እንዲህ ስዞር ነው አንድ ጠዋት በሩ ላይ ጫጫታ የሰማሁት። ዘበኛችን ደምሌ እጁን ያወናጭፋል። ከፊቱ ረጅም ሻሽ በመሰለ ልብስ ከራስ እስከ እግሯ የተጠቀለለች ቀጭን ሴት ቆማለች፤ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች።

"ሱከር! ሱከር!" ትላለች ሴትዮዋ።

"የኔ እህት፣ ስኳር እዚህ አይሸጥም አልኩሽ! ሸማቾች ሂጂ! እሱም ከተገኘ ነው!"

ሰልፉ ሳቀ። ስኳር ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር "እኛም አላገኘን" የሚልም ነበር። አንዲት አሮጊት ልጅቷ ርቧት መስሏቸው ሙዝ እየላጡ ተጠጉ። ያን ጊዜ ልጅቷ ቀና አለችና አንድ ሰውዬ የያዘውን ውሃ ቀምታ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቀረብኳት፤ ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። እናቲቱ ፊቴን አየችና ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ባዶ ብልቃጥ አወጣች። ብልቃጡ ላይ ያለውን ዐረብኛ አላውቀውም፤ ከሥሩ በፈረንጅኛ የተጻፈውን ግን አነበብኩት። ኢንሱሊን ይላል።

"ወይኔ ጉዴ! ደምሌ፣ የምን ሸማቾች ነው! የስኳር በሽታ ነው የምትልህ! ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት!"

ደምሌ፣ እግዜር ይስጠው፣ ልጅቷን ነጥቆ ሮጠ። አሮጊቷም ሙዛቸውን እንደያዙ "አበስኩ ገበርኩ፣ ልገድላት ነበር" እያሉ ቀሩ።

ልጅቷ አልጋ ከያዘች በኋላ እናቲቱን መስኮቴ ጋ አስቀመጥኳት። ሐዋ ትባላለች። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ቤቷን ጥላ፣ በመተማ በኩል ገብታ፣ ቡሬ ከተማ በርበሬ የሚነግዱ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ጋ አርፋለች፤ የዘይነባ ሟች ባልና የሐዋ አባት ድሮ መተማ አብረው ይነግዱ ነበር። አማርኛዋ አሥር ቃል አይሞላም። ያንን ቀን ብቻዋን የመጣችው እትዬ ዘይነባ ገበያ ስለዋሉ ነው።

"የልጅሽ ስም?" አልኳት በእጄም በአፌም።

"ሐሊማ።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

"ሐሊማ።"

ከጉሮሮዋ ሥር ነው የመጣው! የእኛ ሀ አይደለም፤ ሌላ ነው። የኔታ "ድሮ ይለያይ ነበር" ያሉኝን ሠላሳ ዓመት በእምነት ብቻ ይዤው ኖሬ፣ በጆሮዬ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የምትሠራው ትዕግሥት ያበድኩ መሰላት። ሐዋ ደግሞ ያጠፋች መስሏት ይቅርታ መለመን ጀመረች።

ወረቀት ላይ ትልቅ ሐ ጻፍኩና አሳየኋት። "ይቺ ሐመሩ ሐ ትባላለች። በይ፣ ሐመሩ ሐ።"

"ሐመሩ ሐ።"

"እዚህ መስኮት ስትመጪ መጀመሪያ ይህን በይ።" ገባት አልገባት እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ"እንደምን አደራችሁ" በፊት "ሐመሩ ሐ" ነው የምትለኝ። እኔን "ኻልቲ" ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ልጅቷ "ሐቦባ" አለችኝ፤ አያት ማለት መሆኑን ስሰማ በመጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ኋላ ወደድኩት።

ሐሊማ በሳምንቷ ድና ተነሣች። ግን ኢንሱሊን የዕድሜ ልክ ነገር ነው፤ በየወሩ ለመውሰድ የክትትል ካርድ ያስፈልጋል፣ ካርዱ ደግሞ "ቀበሌ" የሚል ባዶ ቦታ አለው። እትዬ ዘይነባን ይዤ ቡሬ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ "ሱዳን የሚባል ጎጥ የለንም" አለኝ። እትዬ ዘይነባ "እኔ ቤት የምትኖረው ጎጥ ውስጥ አይደለም እንዴ? ቤቴን ልታፈርሰው ነው?" አሉት። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደብዳቤው ሳይጻፍ እንደማልነሣ ሲያውቅ ጻፈው። ባዶው ቦታ ላይ "ከሱዳን የመጣች፤ ቡሬ በእትዬ ዘይነባ ቤት ያረፈች" ብዬ ሞላሁት። ሐኪሙ ያዘዘውን ደግሞ በካርዷ ፊት ላይ በቀይ እርሳስ ጻፍኩት፤ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተር መጣ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ስሞቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንድናስገባ አዘዘ። "ሀውን ሁሉ በአንዱ ሀ ጻፉት፤ ጊዜ አናባክን" አለ።

"አይሆንም" አልኩት።

"እትዬ፣ ድምፁ አንድ ነው እኮ።"

"ለአንተ ጉሮሮ ነው አንድ የሆነው። ካርዱ ላይ እንዳለ ይገባል።"

ተጨቃጨቅን፤ ሰለቸውና ተወኝ። ሐሊማን በሐመሩ ሐ፣ ቀዩንም ማስታወሻ ከነስሟ፣ በገዛ እጄ አስገባሁ። ትዕግሥት "እትዬ፣ ይሄ ነገር አይጨንቅም?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክረምት ካለፈ በኋላ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ግሽ ዓባይ ጸበል ገባሁ። እዚያ እያለሁ መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም፣ ስልክ አንዳንዴ ነው። እኔ ጸበሉ ዳር ስቀመጥ ሐሊማ መድኃኒት የምትወስድበት ቀን መድረሱ ትዝ አለኝ። ቡሬ ያለው ብልቃጥ ማለቂያው ነው፤ ካለቀ ስንት ቀን እንደምትቆይ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትዕግሥት ነግራኛለች፤ አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ አስነግሬያታለሁ። መንገዱ በተከፈተ ቀን ሐዋ ሐሊማን ታቅፋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ልጅቷ ራሷን አታውቅም። የወባ ወቅት ስለነበር ያን ሳምንት ሙሉ ራሱን ስቶ የመጣው ልጅ ሁሉ ወባ ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል ተቀብሏት ሲያበቃ እናቲቱን "ካርድ አምጪ" ብለው ላኳት። ተረኛው ሐኪም አዲስ ነው፣ ሐሊማን አያውቃትም። ሐዋ ደንግጣ የነበራት አማርኛ ሁሉ ጠፍቷታል።

ትዕግሥት ሰልፉ አጣድፏት ቀና ብላ ሳታያት "ሀሊማ" ብላ ጻፈች። የለችም። "ሃሊማ" አለች። የለችም። ከኋላ ሰልፉ ይጮሃል። "የለችም፤ እንደ አዲስ ላውጣላት" አለች።

ይሄኔ ነው ሐዋ የመስኮቱን መደገፊያ በሁለት እጇ የመታችው። ያቺ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት! "ላ! ላ! አይደለም! ሐመሩ ሐ! በሐመሩ ሐ ጻፉልኝ! ሐመሩ!"

ትዕግሥት ሐመሩን ሐ ፈልጋ ነካችው። ሐሊማ ወጣች፤ ከነቀይ ማስታወሻዋ ወጣች! ትዕግሥት መስኮቷን ክፍት ጥላ፣ ጫማዋ አንዱ ወልቆ፣ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ሮጠች። ነርሷ ወባ መስሏት ስኳር ያለበትን የግሉኮስ ከረጢት እየሰቀለች ነበር። "እንዳትሰቅይው! የስኳር ልጅ ናት! ኢንሱሊን ነው የምትወስደው!"

ሐኪሙ ወዲያው ጣቷን ወግቶ ለካት። ስኳሯ መለኪያው ከሚቆጥረው በላይ ነበር። ግሉኮሱ ተመለሰ፤ ኢንሱሊን ተጀመረላት። በሦስተኛው ቀን ሐሊማ ዓይኗን ገልጣ "እንጀራ በሽሮ" አለች።

እኔ ግሽ ዓባይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። "እትዬ፣ ሐመሩ ሐ አዳነቻት!" አለችኝ ትዕግሥት እያለቀሰች። ሁሉንም ነገረችኝ። ጸበልተኛው መሀል ቆሜ እልል አልኩ! አንድ ቄስ ደንግጠው መጡ።

"ምን ተገኘ፣ ልጄ?"

"ካርድ ተገኘ፣ አባ!"

"ካርድ?"

"ካርድ!" አልኩና እንደገና እልል። አባም ምን ይበሉ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ባረኩኝ። ከዚያ ጥግ ይዤ ስለ ኃይሌ አለቀስኩ። ሕይወቱን አልመለስኩለትም፤ እሱን የሚመልስ ነገር የለም። ግን የእሱን ዝምታ የሰማሁበት ጆሮ ለሐሊማ ደረሰ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ድንኳን ተተከለ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ትጋቴ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ መስታወት የተገጠመለትን የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። አየሁት። "ለወ/ሮ ጸሀይ" ይላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊደል ስለይ ኖሬ፣ የራሴን ስም ፀሐይን በሁለት ፊደል ሳቱት! ትዕግሥት አየችና አፏን ያዘች። እኔ ምን ልበል? የተሰበሰበውን ሰው ደስታ ላበላሽ? ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ።

ሐዋና ሐሊማ ከቡሬ መጥተው ነበር። ሐሊማ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለክትትል በመጣች ቁጥር ከመስኮቱ ወዲህ አስቀምጬ ፊደል አስቆጥራት ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ግንባሯ ተቋጠረ።

"ሐቦባ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም" አለችኝ። እርስዎ ማለትን ገና አልለመደችም።

"የኔ ነው፣ ልጄ። ምንም አይል።"

"ይላል!" አለች ጮክ ብላ።

ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። ሐሊማ ወረቀቱን ከመስታወቱ አስወጥታ፣ እጇን ሰድዳ ቀዩን እርሳስ ከፀጉሬ ላይ ነቀለችው። ቀዩ ለምን ብቻ እንደሚነሣ ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። ምላሷን በከንፈሯ መሀል ነክሳ ሁለቱን ፊደል ሰረዘችና ከላያቸው ጻፈች።

"ፀሐዩ ፀ፣ ሐመሩ ሐ" አለች እየጻፈች፤ ያቺን ሐ ከጉሮሮዋ ሥር አውጥታ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "አሁን ሲፈልጉሽ ያገኙሻል።"